ውሻ፣ ቴሌቪዥንና የጎረቤት ጨዋታ፦ ልጆቻቸው ዘንድ ወደ ውጭ አገር ለሚመጡ ወላጆች

ባለቤቴ ካረፈች ከጥቂት ጊዜ በኋላ ደብረ ብርሃን ያለውን ቤታችንን ለታናሽ ወንድሜ አደራ ሰጥቼ፣ ሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ ወደምትኖረው ልጄ ዘንድ መጣሁ። የጂኦግራፊ መምህር ሆኜ ስለ ሩቅ አገር ሳስተምር የኖርኩ ሰው ስለሆንኩ አገር መልመድ ይከብደኛል ብዬ አልሠጋሁም ነበር። በዚያ ላይ ሲልቨር ስፕሪንግ የአገሬ ሰው የሞላበት፣ እንጀራና በርበሬ በየመደብሩ የሚገኝበት፣ ቅዳሴውም የማይርቅበት ከተማ ነው። የከበደኝ ያላሰብኩት ነገር ሆነ፤ እርሱም ከሰው ጋር ተራ ጨዋታ ሳይጫወቱ መዋል ነው። ልጆቻቸውን ተከትለው የመጡ ብዙ አባቶችና እናቶች በዚሁ ውስጥ እንደሚያልፉ ከቅዳሴ በኋላ ከማገኛቸው ሰዎች ሰምቻለሁና፣ እኔ የወጣሁበት መንገድ ለአንዳንዶቹ እንዲጠቅም ይህን ጽፌአለሁ።

የልጄ ቤት ጠዋት ላይ በአንድ ጊዜ ባዶ ይሆናል። እርሷና ባለቤቷ ወደ ሥራ፣ የልጅ ልጄ ወደ ትምህርት ቤት ይሄዳሉ፤ በሩ ከተዘጋ በኋላ የሚሰማው የማቀዝቀዣው ድምፅ ብቻ ነው። ደብረ ብርሃን ሳለሁ ዳቦ ለመግዛት ስወጣ ቶሎ የተመለስኩበት ቀን አልነበረም። የሰፈሩ ሰው «መምህር፣ እንዴት አደሩ?» እያለ ያቆመኛል፤ ስለ ልጆች፣ ስለ ጤፍ ዋጋ፣ ሌሊት ስለወረደው ውርጭ ተጨዋውተን እንለያያለን። እንዲህ ያለውን ወሬ ቁም ነገር የለውም ብሎ የሚንቀው ሰው አለ። እኔ ግን ሰው ቀኑን የሚገፋው በእርሱ እንደሆነ የገባኝ እዚህ መጥቼ ሲቋረጥብኝ ነው። በዚህ አገር ሰው ከቤቱ ወጥቶ መኪናው ውስጥ ይገባል፤ በእግሩ የሚሄደውም ቢሆን ፈገግ ብሎ ያልፋል እንጂ አይቆምም።

ባዶውን ቀን የሞላልኝ ቴሌቪዥን ነው። ልጄ የኢትዮጵያ ጣቢያዎች የሚታዩበትን መሣሪያ በቅን ልብ ገጥማልኝ ነበር፤ አብዛኞቹ ልጆችም ለወላጆቻቸው መጀመሪያ የሚያደርጉት ይህንኑ ነው። ችግሩ ያለው ሰዓቱ ላይ ነው። በሞቃቱ ወራት ኢትዮጵያ ከሜሪላንድ በ7 ሰዓት፣ በብርዱ ወራት በ8 ሰዓት ትቀድማለች፤ ስለዚህ የአገራችን የማታ ዜና እዚህ በእኩለ ቀን ይደርሳል፤ የጠዋቱ ደግሞ እኩለ ሌሊት ገደማ ይጀምራል። አገር ቤት ጦርነት በነበረበት ወቅት የጠዋቱን ዜና ሳልሰማ አልተኛም ነበር፤ ከእርሱ በኋላ በስልክ ትንታኔ፣ ከትንታኔው በኋላ ሌላ ትንታኔ እያዳመጥኩ ይነጋል። ቤተሰቡ ቁርስ ሲበላ እኔ ተኝቻለሁ፤ እነርሱ ማታ ሲሰበሰቡ እኔ ደክሜ ወይም ተቆጥቼ እገኛለሁ። በአንድ ቤት እየኖርን እንደ ተለያየን ሆንን። ሐኪሜ የደም ግፊቴ ለምን አልወርድ እንዳለ ሲጠይቀኝ ስለ ምግብና ስለ ጨው እንጂ ስለ እንቅልፌ የነገርኩት አልነበረም።

የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ሲጀመር እኔ ገና ሕፃን ነበርኩ። ቴሌቪዥን የማየት ዕድል ያገኘሁትም ከዚያ ብዙ ዓመታት በኋላ ባለመሣሪያ በሆነ ጎረቤት ቤት፣ ከሰፈሩ ልጆች ጋር ወለሉ ላይ ተደርድሬ ነው። የምናየው ጥቂት ቢሆንም በማግሥቱ የምናወራው ብዙ ነበር። በዚህ ቤት ግን ከጠዋት እስከ ሌሊት እያየሁ ስላየሁት ነገር ለማንም አንድ ቃል አልተነፍስም ነበር። ልዩነቱ እዚህ ላይ መሆኑን ማወቄ በኋላ ላደረግሁት ሁሉ መነሻ ሆኖኛል። ስለዚህ በዚህ ሁኔታ ላላችሁ ሁሉ የመጀመሪያ ምክሬ ይህ ነው፦ ዜናን በቀን በአንድ ሰዓት ወስኑ፤ እርሱም ቀን ይሁን፤ ቴሌቪዥንና ስልክ ከመኝታ ክፍል ይውጡ። አገራችሁን ሌሊት ሙሉ በመጠበቅ የምትረዱት ሰው የለም፤ ለዘመድ የሚደወል አንድ ስልክ ከትንታኔው ሁሉ ይበልጣል።

ውሻው የመጣው የልጅ ልጄ ወላጆቹን ለረጅም ጊዜ ከለመነ በኋላ ነው። እኔ አልደገፍኩም። በእኛ ልማድ ውሻ ግቢ ይጠብቃል እንጂ ከሰው ጋር ሳሎን አይቀመጥም፤ ጸሎት የሚደረግበት ቤት ውስጥ መግባቱም ከበደኝ። ከዚህ ሌላ የልጅነት ፍርሃት ነበረብኝ፤ በሰፈራችን አንድ ሰው በእብድ ውሻ ተነክሶ ሲሞት አይቻለሁና ውሻ ሲቀርበኝ እግሬ ይሸሻል። ይህ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚያድን መድኃኒት ስለሌለው፣ አገር ቤት ላላችሁ አንባቢዎች ይህን ብቻ ልጨምር፦ በውሻ የተነከሰ ሰው ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በብዙ ውኃ ለ15 ደቂቃ ያህል አጥቦ በዚያው ቀን ክትባት ወደሚገኝበት ጤና ተቋም መሄድ አለበት። ሜሪላንድ ውስጥ ከአራት ወር በላይ የሆነው ውሻ ሁሉ የዚህን በሽታ ክትባት መውሰድ አለበት፤ በምንኖርበት በሞንትጎመሪ ካውንቲ ደግሞ የውሻ ፈቃድም ይጠየቃል። ይህን ስሰማ ፍርሃቴ በመጠኑ ረገበ። የጸሎቱን ነገር ደግሞ ከአንድ አባት ጋር ተነጋግሬ፣ ውሻው እኔ የምጸልይበት ክፍል እንዳይገባ ወስነን ተስማማን። እኒሁ አባት በመጽሐፈ ጦቢት ውስጥ ጦብያ ከመልአኩ ሩፋኤል ጋር ሲጓዝ ውሻው አብሮት እንደሄደ አስታወሱኝ። መጽሐፉን ደጋግሜ ያነበብኩት ቢሆንም ውሻውን ልብ ብዬው አላውቅም ነበር።

ውሻ ለማምጣት ያሰበ ቤተሰብ በቤቱ ቀን የሚውለው ሰው ማን እንደሆነ አስቀድሞ ማሰብ አለበት። ልጆች ቡችላ ይወዳሉ፤ ቡችላ ግን ይጎትታል፣ ጫማ ያኝካል፣ ሌሊት ያለቅሳል፤ የዕድሜ ባለጸጋ የሆነ ሰው በገመድ ሊይዘው ሲሞክር ይጥለዋል። የእኛዎቹ ከካውንቲው የእንስሳት ማደጎ ማዕከል የወሰዱት ዕድሜው የገፋ፣ መካከለኛ ቁመት ያለው፣ ዝምተኛ ውሻ ነው። እንዲህ ባሉ ማዕከላት የሚሠሩ ሰዎች የእያንዳንዱን ውሻ ጠባይ ያውቃሉና «ቀን አብሮት የሚውለው አረጋዊ ነው» ብሎ መንገር ብቻ ይበቃል። የልጅ ልጄ ኢትዮጵያ ውስጥ ውሻ ምን እንደሚባል ጠይቆኝ ስሙን ቡቺ አለው።

ቀን ቀን ቡቺን የሚያወጣ ሌላ ሰው ስላልነበረ ሥራው በእኔ ላይ ወደቀ። ከቤታችን ብዙ ሳይርቅ በስላይጎ ክሪክ ወንዝ ዳር ዳር የሚሄድ የእግር መንገድ አለ። በዚያ መንገድ ላይ ብቻዬን ስሄድ ያላቆመኝ ሰው ሁሉ ውሻ ይዤ ስወጣ ያቆመኝ ጀመር። መጀመሪያ ያቆመችኝ በእኔ ዕድሜ የምትሆን፣ ከፖስታ ቤት በጡረታ የተገለለች ጎረቤት ናት። የእርሷ ውሻ አጭርና ፀጉራም ነው። ሁለቱ ውሾች ሲተሻሹ ገመዶቻቸው እግራችን ላይ ተጠመጠሙ፤ እርሷ በአንድ በኩል እኔ በሌላ በኩል እየዞርን ስንፈታቸው ስሙን፣ ዕድሜውንና ዝርያውን ጠየቀችኝ። ከእነዚህ የሚያልፍ አልነበረም። እኔም ያንኑ መልሼ ጠየቅሁ። በማስተማር ዘመኔ እንግሊዝኛ ባነብም ከሰው አፍ ሲወጣ ለመስማት እቸገር ነበር። እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች ግን የሚያልፍ ሰው ሁሉ ስለሚጠይቅ፣ ጆሮዬ ሳላውቀው ለመደ።

የዚህ አገር የመንገድ ጨዋታ የራሱ ሥርዓት አለው፤ ሥርዓቱን ካላወቁት ሰውን ሳይፈልጉ ያርቃሉ። እኛ ሰላምታ ስንለዋወጥ ስለ ቤተሰብ፣ ስለ ጤና፣ ስለ ከብቱ ጭምር እንጠይቃለን፤ ካወቅነው ደግሞ ዕድሜውን፣ ማግባቱን፣ ልጅ መውለዱን እንጠይቃለን፤ ይህም የፍቅር ምልክት ነው። እዚህ ስለ ዕድሜ፣ ስለ ደመወዝ፣ ስለ ትዳርና ስለ ሃይማኖት በመጀመሪያ ቀን አይጠየቅም። ስለ ውሻ ግን የፈለጉትን ያህል መጠየቅ ይቻላል፤ ስለ አየር ጠባይም እንዲሁ፤ ትናንት ማታ በቴሌቪዥን ስለታየው ነገርም እንዲሁ። ሰዎች የውሻዬን ስም አውቀው የእኔን ሳያውቁ ለወራት ሰላም ይሉኝ ነበር፤ ይህ ንቀት አይደለም። በኋላ ስሜን ሲያውቁም «ጋሼ» ወይም «መምህር» ሳይጨምሩ በስሜ ብቻ ይጠሩኛል፤ የልጅ ልጄ ዕድሜ ያለው ልጅም እንዲሁ ያደርጋል። በእነርሱ ዘንድ ይህ የመቅረብ ምልክት ስለሆነ ቅር እንዳትሰኙ። የሌላ ሰው ውሻ ከመዳሰሳችሁ በፊት ባለቤቱን ፈቃድ ጠይቁ፤ የውሻችሁን ኩስ የምታነሡበት ትንሽ ፌስታልም ከኪሳችሁ አይጥፋ። ጨዋታው አጭር ሲሆንባችሁ አትዘኑ፤ ሁለት ደቂቃ ቆሞ «ደህና ዋሉ» ብሎ መለየት እዚህ ሙሉ ጉብኝት ነው፤ ነገ በዚያው ሰዓት በዚያው ቦታ መገኘት ነው ዋናው። ጡረተኛዋ ጎረቤቴና እኔ በቀጠሮ ሳንነጋገር ለካ በአንድ ሰዓት መውጣት ጀምረን ነበር።

ቴሌቪዥን ወደ ሕይወቴ የተመለሰው በዚህ በኩል ነው። ጎረቤቴ በየሳምንቱ የምትከታተለው የምግብ አብሳዮች ውድድር ነበረና ስለ እርሱ ስትነግረኝ የምመልሰው አጣሁ። ልጄ ያንን ፕሮግራም አሳየችኝ፤ ከሥዕሉ ሥር ንግግሩ በጽሑፍ እንዲወጣም አስተካከለችልኝ። ይህ አገልግሎት በመጀመሪያ መስማት ለተሳናቸው ሰዎች የተዘጋጀ ሲሆን፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1993 ጀምሮ በአሜሪካ የሚሸጡ ቴሌቪዥኖች፣ ከትንንሾቹ በቀር፣ እንዲያሳዩት በሕግ ግዴታ ሆኗል፤ በሪሞቱ ላይ ወይም በማስተካከያው ውስጥ ይገኛል፤ ክፍያም የለውም። እንግሊዝኛ በጽሑፍ ለተማረው ለእኔ ትውልድ ከዚህ የተሻለ አስተማሪ አላገኘሁም፤ ጆሮ የሳተውን ዓይን ያነሣዋል። ብልሃቱ አንድ ፕሮግራም መርጦ በየሳምንቱ እርሱኑ መከታተል ነው፤ ድምፃቸውና አነጋገራቸው እየተለመደ ይመጣል፤ በማግሥቱም የሚወራ ነገር ይኖራል። ስለ ፖለቲካ የሚከራከሩ ሰዎች የሚቀርቡባቸውን ፕሮግራሞች ለጨዋታ አልመርጥም። ምግብ፣ እንስሳት፣ ጥያቄና መልስ፣ ኳስ ማንንም አያስቀይሙም። አሁን እኔና የልጅ ልጄ ውድድሩን ማታ አብረን እናያለን፤ እርሱ ያልገባኝን ይተረጉምልኛል፤ ጠዋት ወንዙ ዳር ማን እንደተሰናበተ ከጎረቤቴ ጋር እንከራከራለን።

አንድ ከባድ ነገር የገጠመን በፋሲካ ነው። ቤት ሙሉ እንግዳ ነበረ፤ ቡቺም ከጠረጴዛው ሥር ከእግር ወደ እግር ይዘዋወር ነበር። ከእንግዶቻችን አንዱ በርኅራኄ የዶሮ ወጥ ቁሌት ያለበት እንጀራና አጥንት ሰጠው። ከጥቂት ቀናት በኋላ ውሻው ደረጃ መውጣት አቃተው፤ ድዱ ነጣ፣ ሽንቱም ጠቆረ። የእንስሳት ሐኪሟ መጀመሪያ የጠየቀችን ሽንኩርት በልቶ እንደሆነ ነው። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት፣ ጥሬውም የበሰለውም፣ የውሻን ቀይ የደም ሴል ያፈርሳል፤ ጉዳቱ ብዙ ጊዜ ወዲያው ሳይሆን ከቀናት በኋላ ነው የሚታየው። የእኛ ወጥ ደግሞ ዋና ነገሩ ሽንኩርት ነው። የበሰለ የዶሮ አጥንትም ይሰነጠቅና ጉሮሮና አንጀት ይወጋል። ቡቺ ታክሞ ዳነ፤ ሆኖም ወጪው ብዙ፣ የልጁ ለቅሶም ከባድ ነበር። በሐበሻ ቤት ውሻ ያላችሁ ሁሉ በበዓል ቀን እንግዳ ከመቀመጡ በፊት ተናገሩ፤ ካልሆነም ውሻውን በሌላ ክፍል አቆዩት። ቸኮሌት፣ ወይንና ዘቢብ፣ እንዲሁም ዛይሊቶል የሚባለው ማጣፈጫ ያለበት ማስቲካም ለውሻ መርዝ ነው። በልቶ ከተገኘ ምልክት እስኪታይ ሳይጠብቁ መደወል ያስፈልጋል፤ የሐኪሙን ስልክ ቁጥር ማቀዝቀዣው በር ላይ ለጥፉት።

ስለ ብርዱ ወራት ብዙ አልልም፦ ገመዱን በእጅ አንጓ ላይ አትጠምጥሙት፤ ውሻው ድንገት ሲሮጥ በረዶ ላይ ይጥላችኋል፤ በዚህ ዕድሜ ደግሞ የዳሌ ስብራት ቀላል ነገር አይደለም። በሞቃቱ ወራት ከሣርና ከቁጥቋጦ ሲመለሱ የራስንም የውሻውንም አካል ለመዥገር መፈተሽ ያሻል፤ በሜሪላንድ መዥገር «ላይም» (Lyme) የሚባለውን በሽታ ያስተላልፋል።

ከሁሉ የሚደንቀኝ በዚህ ዕድሜዬ አዲስ ነገር መውደዴ ነው። በረዶ በጣለ አንድ ጠዋት ቅጠሉ ከረገፈ ቁጥቋጦ ላይ እንደ በርበሬ የቀላ ወፍ ቆሞ አየሁ። ጎረቤቴ ካርዲናል እንደሚባል፣ ቀዩ ወንዱ እንደሆነ፣ ብርድ ሲመጣም እንደ ሌሎቹ ወደ ደቡብ እንደማይሄድ ነገረችኝ። ከዚያም በስልኬ ላይ መርሊን የሚባለውን የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የወፍ መለያ ጫነችልኝ፤ በነፃ የሚገኝ ሲሆን ስልኩን ከፍቶ ዝም ብሎ ሲቆሙ የሚዘምሩትን ወፎች ድምፅ ሰምቶ ስማቸውን ከሥዕል ጋር ያወጣል። ቡቺ ማሽተት ስለሚወድ በየእርምጃው ይቆማል፤ እርሱ ሲያሸት እኔ አዳምጣለሁ። ውኃው ጥልቅ በማይሆንበት ቦታ አንድ ግራጫ፣ እግረ ረጅም፣ ሄሮን የሚባል ወፍ ዓሣ እየጠበቀ ሳይንቀሳቀስ ይቆማል። እርሱን ለማየት ቆሜ ካነጋገርኳቸው መንገደኞች መካከል ዛሬ አብሬያቸው ቡና የምጠጣ አሉ።

አንድ ቀን ጎረቤቴ በአገሬ ምን ዓይነት ወፎች እንዳሉ ጠየቀችኝ። መምህር የነበርኩ ሰው በጥቅሉ መመለስ አላስቻለኝምና ከልጅ ልጄ ጋር ማጥናት ጀመርን። ኢትዮጵያ ከ800 በላይ የወፍ ዝርያ እንዳላት፣ ከእነዚህም ጥቂት የማይባሉት ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ደጋ በቀር በሌላ አገር እንደማይገኙ ተረዳሁ። ደብረ ብርሃን ሳለሁ ጠዋት ጠዋት በመንጋ እየጮኸ በቤታችን ላይ የሚያልፈው፣ ምንቃሩ ወደ ታች የጎበጠ፣ ጉሮሮው ላይ ትንሽ ሥጋ የተንጠለጠለበት ወፍ ከእነዚህ አንዱ ነው። ከቄራ አጠገብ የማይጠፋው፣ ምንቃሩ ወፍራም፣ ማጅራቱ ላይ ነጭ ምልክት ያለበት ቁራም የአፍሪካ ቀንድ ልጅ ነው፤ የሜሪላንድ ቁራ ከእግር እስከ ራሱ ጥቁር ነው። ዕድሜዬን በሙሉ ከቤቴ በላይ ሲበሩ የኖሩትን ወፎች ከአትላንቲክ ማዶ ተቀምጬ ማወቄ ልቤን በጣም ነካው። ከዚያ ወዲህ ለወንድሜ ስደውል ዜና ብቻ አልጠይቅም፤ ወፎቹ መጥተው እንደሆነም እጠይቃለሁ፤ እርሱም መስኮት ከፍቶ ያሰማኛል።

ለልጆች የምለው አለኝ። ወላጃችሁን ስታመጡ ክፍል፣ አልጋና ቴሌቪዥን ማዘጋጀታችሁ መልካም ነው፤ ነገር ግን በየቀኑ ከቤት የሚያስወጣ፣ እርሱ ካላደረገው የማይሠራ አንድ ሥራ ስጡት። ለእኔ ያ ሥራ ውሻው ሆነ። «አባባ፣ አይድከሙ፤ ይቀመጡ» ማለት አክብሮት ቢሆንም ከልክ ሲያልፍ ያሳምማል። ሐኪም ዘንድ አብራችሁ ስትሄዱም ስለ እንቅልፉ፣ ቀን ከማን ጋር እንደሚውልም ይነገረው፤ የኀዘን ስሜቱ ለረጅም ጊዜ ካልለቀቀው ይህም ሕክምና ያለው ነገር ነው።

ውሻ ማሳደግ የማይፈቀድበት አፓርትማ ውስጥ የምትኖሩ፣ ወይም ፀጉሩ የማይስማማችሁ ብትሆኑ፣ ሥራ የሚበዛበት ጎረቤት ውሻውን ቀን የሚያወጣለት ሰው ሲያገኝ ደስ ይለዋል። ይህም ካልሆነ የሞንትጎመሪ ካውንቲ ቤተ መጻሕፍት ለአዋቂዎች የእንግሊዝኛ መጫወቻ ክበብ በነፃ ያዘጋጃሉ፤ ሰዋስው የሚፈተንበት ሳይሆን ከልዩ ልዩ አገር የመጡ ሰዎች ክብ ሠርተው ስለ ምግብ፣ ስለ ቴሌቪዥን፣ ስለ ልጅ ልጆች የሚጫወቱበት ነው። በሌሎች ከተሞችም ተመሳሳይ ነገር ይኖር እንደሆነ በአቅራቢያችሁ ያለውን ቤተ መጻሕፍት ጠይቁ። በመጀመሪያው ቀን ልጅ አብሮ ቢሄድ ጥሩ ነው፤ የመመለሻውን አውቶቡስ ቁጥርና የቤቱን አድራሻ በወረቀት ጽፎ ኪስ ውስጥ ማስቀመጥም አይረሳ።